ሐሳብ ለቅሞ ማካፈል፦ ከንባብ እስከ ተቀባዩ እጅ

ለ40 ሰዎች ቡድን አንድ ጽሑፍ ከመላክዎ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ። ጽሑፉ ለማንበብ 15 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ከተቀባዮቹ በድምሩ 10 ሰዓት ጠይቀዋል ማለት ነው። በቀን አምስት እንዲህ ያለ ነገር የሚልክ ሰው 50 ሰዓት እየጠየቀ ነው። ውሎ ሲያድር የሚከፍትለት ይጠፋል፤ እሱም «ሰው ማንበብ ትቷል» ብሎ ያዝናል። ሰው ማንበብ አልተወም። የተላከው ነገር ለእሱ ይሁን አይሁን፣ ከውስጡ ምን እንደሚያገኝ፣ ላኪውም ራሱ አንብቦት እንደሆነ የሚነግረው አጥቶ ነው።

ሐሳብ ለቅሞ ማካፈል ይህን ድካም ከብዙዎች ላይ አንሥቶ አንድ ሰው እንዲሸከመው ማድረግ ነው። አንዱ ሰው 20 ገጽ ያነባል፣ ያበጥራል፣ አራት መስመር ይጽፋል። አርባዎቹ በአንድ ደቂቃ ውስጥ «ይህ ለእኔ ነው» ወይም «ይለፈኝ» ይላሉ። የሚያካፍሉት ነገር ክብደት የሚመጣው ከጣሉት ብዛትና ከአጠገቡ ከጻፏት «ለምን» ነው። ብዙ መሰብሰብማ ስልኩ ራሱ ይችልበታል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው ጥያቄ ነው

«ስለ ትምህርት» ብሎ የሚሰበስብ ሰው ማቆሚያ የለውም፤ ግማሹ ዓለም ስለ ትምህርት ነው። ርእሱን ወደ ጥያቄ ይለውጡት፣ በጥያቄውም ውስጥ አንድ ሰው ይኑርበት። ለምሳሌ፦ «ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ያነበበው ከሳምንት በኋላ እንዳይጠፋበት ምን ያድርግ?» እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደ በር ጠባቂ ያገለግላል። ስለ ትምህርት ቤት አስተዳደር የተጻፈ ግሩም ጽሑፍ ቢመጣ አያሳልፈውም። ስለ ትውስታ የተጻፈ አሰልቺ የሚመስል ዘገባ ቢመጣ ግን በሩን ይከፍትለታል። ይህንኑ ጥያቄ እስከ መጨረሻው በምሳሌነት እንይዘዋለን።

ጥያቄውን ወረቀት ላይ ይጻፉትና ከሥሩ ሁለት መስመር ይጨምሩ። አንደኛው፦ ተቀባዮቼ እስካሁን ምን ያውቃሉ? ሁለተኛው፦ ባወቁት ምን ያደርጉበታል? ሁለተኛውን መዝለል ይቀናል፤ ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ለመምህራን የሚሆነውና ለተማሪዎች የሚሆነው ከአንድ ምንጭ ቢቀዱም መልካቸው ይለያያል፦ መምህሩ ክፍል ውስጥ የሚሠራበትን ይፈልጋል፣ ተማሪው ዛሬ ማታ የሚያደርገውን። በአንድ ጊዜ ከሁለት ጥያቄ በላይ አይያዙ። ሦስተኛ ጥያቄ ሲመጣ ከቀደሙት አንዱ ይዘጋ።

ጠባብ በር፣ የተወሰነ ሰዓት

ለአንድ ጥያቄ ከ5 እስከ 8 ቋሚ ምንጮች ይበቃሉ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ጥናቱን ራሱ የሚያወጣ፣ አንዱ ሥራውን በእጁ የሚሠራ ባለሙያ፣ አንዱ ዕድሜ ጠገብ መጽሐፍ፣ አንዱ ደግሞ እርስዎ ከሚያምኑበት የሚቃረን ይሁን። የመጨረሻውን ያስገባንበት ምክንያት አለን፤ የሚስማማንን ብቻ ስንለቅም ክምችቱ ይወፍራል እንጂ አዲስ ነገር አይነግረንም። ምንጭ ሲመርጡ አንድ ቀላል ምልክት አለ፦ ጸሐፊው ነገሩን ከየት እንዳገኘው ይናገራል? የሚናገር ከሆነ እርስዎም ተከትለውት ወደ ላይ መውጣት ይችላሉ። የማይናገር ከሆነ መንገዱ እዚያው ያበቃል።

ያገኙትን ሁሉ የሚያስቀምጡበት መቀበያ አንድ ብቻ ይሁን፤ የስልክ ማስታወሻ፣ ደብተር፣ ወይም ለራስ የሚላክ መልእክት። ግማሹ በስክሪንሾት፣ ግማሹ በኢሜይል፣ ግማሹ በልብ ከሆነ ሲፈለግ አይገኝም። ሲያስቀምጡ ከሊንኩ ጋር አምስት ወይም ስድስት ቃል ይጻፉ፦ «ከሳምንት በኋላ የተገለበጠው የትውስታ ውጤት» ዓይነት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ርቃኑን የተቀመጠ ሊንክ ሲያዩ ለምን እንደያዙት አያስታውሱትም።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየጊዜው 40 ደቂቃ፣ መቀበያውን ይክፈቱ። ዛሬ የገባውን ግን ዛሬ አይንኩት። ቢያንስ ሦስት ቀን ይደር። ትኩስ ነገር ሁሉ ትልቅ ይመስላል፤ ሦስት ቀን አድሮም ካልቀዘቀዘ የሚያዝ ነገር ነው። ከዐሥር ሁለቱን ይዞ ማቆየት ጤናማ ልክ ነው። ከዐሥር ሰባቱን የሚያቆዩ ከሆነ ጥያቄዎ ሰፍቷል፣ ወይም መጣል ፈርተዋል። መቀበያው ከ30 በላይ ሲሞላ አሮጌውን ግማሽ ሳያዩ መሰረዝ ይቻላል። ጭካኔ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚረባው በሌላ በር ተመልሶ ይመጣል፣ ያልተነበበ ክምር ግን ሰውን ከሥራው ያስቀራል።

ካርዱ

የሥራው እምብርት ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ እንቆያለን። ካርድ የምንለው አንድ ሐሳብ ብቻ የያዘ አጭር ማስታወሻ ነው፤ በወረቀትም ሆነ በስልክ ከ60 እስከ 120 ቃል። አንድ ሐሳብ ብቻ የመሆኑ ነገር የቆየ ጥበብ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የስዊዘርላንዱ ሊቅ ኮንራድ ጌስነር አንባቢ ያገኘውን ሁሉ በወረቀት አንድ ገጽ ላይ ብቻ እንዲጽፍና እያንዳንዱን ሐሳብ በመቀስ ቆርጦ እንዲለየው መክሯል። የተቆረጠ ወረቀት ቦታው ይቀያየራል፤ በደብተር መሐል የተጻፈ ግን ከጎረቤቱ ጋር እንደተጣበቀ ይቀራል። ጀርመናዊው የኅብረተሰብ ሊቅ ኒክላስ ሉማን በሕይወት ዘመኑ 90,000 ገደማ ካርዶች ጽፏል። እያንዳንዱ ካርድ ቁጥር ነበረው፤ በካርዱ ላይም ተዛማጅ የሆኑትን የሌሎች ካርዶች ቁጥር ይጽፍ ነበር። ከብዛቱ ይልቅ መማር ያለብን ይህን ማያያዝ ነው።

ለያዝነው ጥያቄ አንድ ሙሉ ካርድ ይህን ይመስላል፦

ካርድ 15
ርእስ፦ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ዘግቶ ማስታወስ ትምህርትን ያቆያል፤ ጥቅሙ የሚታየው ግን ከቀናት በኋላ ነው።
ፍሬው፦ ተማሪዎች ሁለት አጫጭር ጽሑፎች አነበቡ። አንደኛውን ደግመው አነበቡት፤ ሌላኛውን ግን ዘግተው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡትን በተሻለ አስታወሱ፦ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፦ 42 በመቶ ለ56።
ምንጭ፦ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ፣ 2006፣ የመጀመሪያው ሙከራ።
ለማን፦ ፈተናው ቀናት ለቀሩት።
ጥርጣሬ፦ የተሞከረው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና በአጫጭር ጽሑፎች ነው። ለሕፃናት ወይም ለሒሳብ ልምምድ ሌላ ምንጭ ይፈለግ።
ተያያዥ፦ ካርድ 14 (ኤቢንግሃውስ፣ መርሳት)።
ቁልፍ ቃል፦ ትውስታ፣ ጥናት

ርእሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሆኑን ልብ ይበሉ። «ትውስታ» ብሎ ርእስ መስጠት ሳጥኑ ላይ ስም መለጠፍ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ አይናገርም። ርእሱ ሰው «አይ፣ ስሕተት ነው» ሊለው የሚችል ነገር ይሁን። ሊታረም የማይችል ርእስ ምንም አላለም።

«ፍሬው» የሚለውን ክፍል በራስዎ ቃል ይጻፉ። ዘዴው ቀላል ነው፦ ምንጩን ይዝጉ፣ ከልብዎ ይጻፉ፣ ከዚያ ከፍተው ያመሳክሩ። ምንጩን እያዩ ሲጽፉ እጅዎ ይገለብጣል እንጂ እርስዎ አይረዱትም፤ የካርዱ ይዘት ራሱ ስለዚህ ነው የሚናገረው። የጸሐፊው ቃል እንዳለ ካስፈለገዎ በ« » ውስጥ ያስገቡትና የገጹን ቁጥር ይጻፉ። ይህን ምልክት ዛሬ ቸል ካሉ ከስድስት ወር በኋላ የሰውየውን ቃል የራስዎ አድርገው ይልኩታል፤ ተንኮል ባይኖርበትም ስርቆት ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚዘለው «ጥርጣሬ» የሚለውን ነው። እኛ ግን ከምንጩ ቀጥሎ የምናስቀድመው እሱን ነው። ሐሳብ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ መጀመሪያ የሚወድቀው ገደቡ ነው፦ «በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች»፣ «ከሳምንት በኋላ»፣ «በአጫጭር ጽሑፎች»። አራት እጅ ካለፈ በኋላ የሚቀረው «መፈተን ከማንበብ ይበልጣል» ብቻ ነው፤ ይህም ፈተናው ከ5 ደቂቃ በኋላ ለሆነ ሰው ሐሰት ነው። ገደቡን በካርዱ ላይ የጻፈ ሰው ሲያካፍልም አይረሳውም። በምሳሌአችን ካርድ 14 ላይም እንዲሁ መጻፍ አለበት፦ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ያሳተመው የመርሳት ጥናት ትርጉም በሌላቸው ክፍለ ቃላት ላይ የተሠራ ነበር፤ የተፈተነውም ሰው እሱ ራሱ ብቻ ነበር።

የአማርኛ ማስታወሻ ሲፈለግ ለምን ይጠፋል?

በአማርኛ የሚሰበስብ ሰው አንድ የተለየ ችግር አለበት። ዛሬ «ሐሳብ» ብለው ጽፈው በሚቀጥለው ወር «ሀሳብ» ብለው ቢፈልጉ ብዙው ስልክና ኮምፒዩተር «የለም» ይላል። ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ሞክሼ ሆሄያት ለመሣሪያው የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። «ዓመት» እና «አመት»፣ «ጸሐፊ» እና «ፀሀፊ»፣ «ሥራ» እና «ስራ» እንደዚሁ። ማስታወሻው አልጠፋም፤ በሌላ ፊደል ተቀምጧል።

መፍትሔው የቁልፍ ቃላት ዝርዝር ነው። ከ20 እስከ 30 ቃል ይምረጡ፣ አንድ አጻጻፍ ይወስኑላቸው፣ በአንድ ማስታወሻ ላይ ያኑሯቸው። ካርድ በጻፉ ቁጥር ቃሉን ከዚያ ዝርዝር ይቅዱት፤ እንደገና አይጻፉት። በካርዱ ሌላ ክፍል እንዳሻዎ ይጻፉ፣ የቁልፍ ቃሉ መስመር ግን አይለዋወጥ። ጥምር ቃላትንም አብረው ይወስኑ፤ «ቤተ መጻሕፍት» ሲፈለግ «ቤተመጻሕፍት» አይገኝምና።

ሁለተኛው እንቅፋት የቃሉ መርባት ነው። በአማርኛ የቃሉ መጨረሻ ሲረባ የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይለወጣል፦ መጽሐፍ፣ መጽሐፉ፣ መጽሐፌ። «መጽሐፍ» ብለው ቢፈልጉ «በመጽሐፉ» የሚለው አይወጣም። «መጽሐ» ብለው ቢፈልጉ ግን ሦስቱም ይወጣሉ። ስለዚህ ሲፈልጉ የመጨረሻዋን ፊደል ይተዉ። «መጻሕፍት» ግን በዚህም አይገኝም፤ ውስጡ ተለውጧል። ቁልፍ ቃልን ሁልጊዜ በነጠላ ስም ማድረግ የሚበጀው ለዚህ ነው።

በወረቀት ደብተር ለሚሠራ ደግሞ ጥሩ አብነት አለ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1686 ባሳተመው ዘዴ የማስታወሻ ደብተር ማውጫ የሚሠራው በቃሉ የመጀመሪያ ፊደልና ከእሱ ቀጥሎ በሚመጣው አናባቢ ነው። እሱ ሁለት ፊደል አጣምሮ ያገኘውን የግእዝ ፊደል በአንድ ምልክት ይዞታል፤ «ቱ» ብቻውን ተነባቢውንም አናባቢውንም ይናገራል። ከ33ቱ የሆሄ ቤተሰቦች ሞክሼዎቹን (ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ) ቢያዋህዱ 28 ይቀራሉ። ለእያንዳንዱ ከደብተሩ መጀመሪያ ግማሽ ገጽ ይተዉለት፤ 14 ገጽ ይበቃል። ካርዱን ወይም ገጹን በቁጥር ሰይመው ቁጥሩን በቁልፍ ቃሉ ሆሄ ሥር ይመዝግቡ።

ወደ ምንጩ መውረድ

ስለ ማጥናት ሲሰበስቡ አንድ ሥዕል መምጣቱ አይቀርም፦ ባለ ብዙ ፎቅ ፒራሚድ፣ «ካነበብነው 10 በመቶ፣ ከሰማነው 20 በመቶ፣ ከሠራነው 90 በመቶ እናስታውሳለን» የሚል። ብዙ ጊዜ ሥዕሉ የአሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ የኤድጋር ዴል ነው ይባላል። ዴል በ1946 ያሳተመውን ሥዕል የከፈተ ሰው ግን አንድም በመቶኛ አያገኝበትም። ቁጥሮቹን ሌሎች ናቸው የጨመሩት። ሥዕሉን ያለ ማጣራት የሚያካፍል ሰው የሰውየውን ስም ላላለው ነገር ምስክር ያደርገዋል።

ማጣራቱ ረጅም አይደለም። መጀመሪያ ጽሑፉ የማንን ስም እንደሚጠራ ይዩ። ከዚያ የተጠራውን ሥራ ይክፈቱና የተባለችውን ዓረፍተ ነገር ራሷን ይፈልጉ፤ ማጠቃለያውን ማንበብ ብቻ አይበቃም። ስታገኟት ምን እንደተለካ፣ በእነማን ላይ፣ መቼ እንደሆነ በካርዱ ይመዝግቡ። ለአንድ ካርድ 10 ደቂቃ ይስጡት። ሁለት ደረጃ ወርደው ምንጩ ካልተገኘ ይጣሉት፣ ወይም «ያልተረጋገጠ» ብለው ለብቻው ያቆዩት። ያልተረጋገጠ ካርድ አይላክም። ሁሉም ቁጥር በዐሥር የሚከፈል ሲሆን (10፣ 20፣ 30፣ 50) ይጠራጠሩ፤ በእውነት የተለካ ነገር እንዲህ ተስተካክሎ አይመጣም።

በታላላቅ ሰዎች ስም የሚዞሩ ጥቅሶችም እንዲሁ ናቸው። የሥራው ርእስና ገጽ ከሌለው ጥቅሱን ያለ ስም ይላኩት፤ ቃሉ የሚረባ ከሆነ ያለ ስሙም ይረባል። ከሌላ ቋንቋ ሲተረጉሙ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በካርዱ ሥር እንዳለ ያቆዩት፤ «ይችላል» የነበረው በትርጉም «ያደርጋል» የሚሆነው በቀላሉ ነው። ዓመት ሲጽፉም «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ማለትን አይርሱ፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነቱ ተቀባዩን ሌላ ጽሑፍ ፍለጋ ይሰደዋል።

ከካርድ ወደ ጥቅል

12 ካርድ ሲደርስ ለማካፈል ይዘጋጁ። የሚላከው ግን ከ3 እስከ 5 ነው። አሥራ ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጥያቄዎን መሐል ያድርጉ፤ «ይህ ካርድ ባይኖር ተቀባዩ ምን ይጎድለዋል?» እያሉ አንድ በአንድ ያንሡ። ሁለት ካርዶች አንድ ነገር የሚሉ ከሆነ ማስረጃው የጠነከረው ይቆይ፣ ሌላው ይነሣ። በጣም የሚወዱት ነገር ግን ጥያቄውን የማይመልስ ካርድ መነሣቱ ያማል። ይነሣ።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይመጣል፤ የእርስዎ ድርሻ በግልጽ የሚታየው እዚህ ነው። ለምሳሌው ጥያቄ አራት ካርድ ቀርቷል እንበል። የኤቢንግሃውስ መርሳት ይቀድማል፤ ችግሩን ያሳያል። የ2006ቱ ጥናት ይከተላል፤ ምን እንደሚደረግ ይናገራል። ሦስተኛው የኒኮላስ ሴፔዳና የባልደረቦቹ የ2008 ጥናት ነው፤ በመጀመሪያው ማጥናትና ደግሞ በማጥናት መካከል ስንት ቀን ይለፍ ለሚለው መጠን ይሰጣል። የተሻለው ርቀት ፈተናው እስኪመጣ እንደቀረው ጊዜ ይለያያል፤ ፈተናው በሳምንት ውስጥ ከሆነ የዚያ ጊዜ 20 እስከ 40 በመቶ፣ ዓመት ከቀረው ከ5 እስከ 10 በመቶ። አራተኛው የፒራሚዱ ማስጠንቀቂያ ነው። አራቱም ለየብቻቸው የታወቁ ናቸው፤ በዚህ ተራ ሲቀመጡ ግን ከችግሩ ወደ መፍትሔው፣ ከመፍትሔው ወደ መጠኑ የሚወስድ መንገድ ይሆናሉ። መንገዱን የሠሩት እርስዎ ነዎት።

አራቱ መስመሮች

«ይህን እዩት፣ ድንቅ ነው!» የሚለው መልእክት ከማንኛውም ነገር ጋር ሊላክ ይችላል። መፈተኛው ይኸው ነው፦ የጻፉትን ዓረፍተ ነገር አንሥተው ሌላ ሊንክ ላይ ቢለጥፉት ይሠራል? ከሠራ ባዶ ነው። ለአንድ ነገር አራት መስመር ይጻፉ፤ ምን እንደሚል፣ ገደቡ የት እንደሆነ፣ የት ቦታ እንደሚነበብና ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ፣ ከተቀባዩ ምን እንደሚፈልጉ። እንዲህ፦

«ፈተና ሳምንት ለቀራችሁ፦ ይህ የ2006 ጥናት ደግሞ ከማንበብ ይልቅ ዘግቶ ማስታወስ ከሳምንት በኋላ እንደሚበልጥ ያሳያል (56 በመቶ ለ42)። ከ5 ደቂቃ በኋላ ግን ውጤቱ ተቃራኒ ነበር፤ በፈተናው ክፍል በር ላይ ሆኖ ለሚያነብ አይሠራም። ጊዜ ያጠረው የመጀመሪያውን ሙከራ ውጤት ብቻ ያንብብ። የተሞከረው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው፤ በሕፃናት ላይ የተሠራ የሚያውቅ ካለ ይላክልኝ።»

የመጀመሪያዋ መስመር ሰውን ትጠራለች፤ የማይመለከተው ወዲያው ያልፋል፣ ማለፉም ለእሱ ጥቅም ነው። ሁለተኛዋ እምነት ታመጣለች፤ ገደቡን ራሱ የተናገረ ሰው ሲቀጥል ይደመጣል። የመጨረሻዋ ደግሞ ማካፈሉን የሁለት ወገን ታደርገዋለች። «አስተያየታችሁን ስጡኝ» ሲባል ዝም የሚል ሰው «በሕፃናት ላይ የተሠራ» ሲባል አንድ ነገር ትዝ ይለዋል።

ለቪዲዮና ለድምፅ ደቂቃውን ይጻፉ፦ «ከ12:40 እስከ 17:05»። ለፒዲኤፍ ገጹንና የፋይሉን ክብደት ይጻፉ፤ ሁሉም ሰው 60 ሜጋባይት ለማውረድ አቅሙም ፈቃዱም የለውም። ለመላኪያ የትኛውን መተግበሪያ ልጠቀም የሚለው ብዙ የሚያጨቃጭቅ አይደለም፤ ተቀባዮችዎ አስቀድመው ያሉበት ይሻላል።

የሰው ላብ

ሐሳብ ባለቤት የለውም፤ ሐሳቡ የተገለጸበት ቃልና ሥዕል ግን አለው። በ1886 የተፈረመው የበርን ስምምነት ከታተመ ሥራ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ መጠኑ ለታሰበው ዓላማ የሚገባ ሲሆንና ምንጩና የጸሐፊው ስም ሲጠቀስ። በተግባር ይህ ማለት አንቀጽ ጠቅሶ ወደ ምንጩ መምራት ደኅና ነው፤ ሙሉውን መጽሐፍ በፒዲኤፍ መበተን ወይም ሙሉውን ጽሑፍ ገልብጦ መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው። የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ያለው ሥራ ከሆነ የፈቃዱን ዓይነት ያንብቡ፤ አንዳንዱ ለንግድ መጠቀምን፣ አንዳንዱም ቀይሮ ማሰራጨትን ይከለክላል።

ወደ ምንጩ የመራዎትን ሰውም ይጥቀሱ። «ያገኘሁት በእገሌ በኩል ነው» ማለት ምንም አያስወጣም፤ ያ ሰውም በሚቀጥለው ጊዜ መጀመሪያ የሚልከው ለእርስዎ ነው። በግል የተነገረዎትን ግን ባለቤቱን ሳይጠይቁ አይላኩ፤ ስሙን ቢያወጡለትም።

ሊንክ ሲሞት

ድረ ገጽ ይዘጋል፣ ይዛወራል፣ ይሰረዛል። ሊንክ ብቻ የያዘ ካርድ ከሊንኩ ጋር ይሞታል። የጸሐፊውን ስም፣ የጽሑፉን ሙሉ ርእስ፣ ዓመቱንና የወጣበትን ቦታ የያዘ ካርድ ግን ሊንኩ ቢጠፋም በፍለጋ ይገኛል። በ1996 የተመሠረተው ኢንተርኔት አርካይቭ የድረ ገጾችን ቅጂ በነጻ ያስቀምጣል፤ አስፈላጊ ገጽ ሲያገኙ ቅጂው እንዲቀመጥ አድርገው የቅጂውን አድራሻ ከዋናው አጠገብ ይጻፉ።

ድግግሞሽ፣ ምላሽና እርማት

በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጥቅል፣ ሁልጊዜ በአንድ ቀን። በየቀኑ መላክ ካርዱን ለማጣራት ጊዜ ይነሳል፤ በዓመት ሁለቴ መላክ ደግሞ ያስረሳል። የሚላክ ነገር ከሌለ «በዚህ ጊዜ የሚረባ አላገኘሁም» ብለው ይዝለሉት። ቦታ ለመሙላት የተላከ አንድ ደካማ ነገር የቀደሙትን አራት ጥቅሎች እምነት ይበላል።

ከሦስት ጥቅል በኋላ ተቀባዮቹን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ። «ወደዳችሁት?» አይበሏቸው፤ ይሉኝታ ያለው ሰው «አዎ» ይላል። «ከተላከው ውስጥ የትኛውን ሠራችሁበት? ምንስ ሆነ?» ብለው ይጠይቁ። ማንም ምንም ካልሠራበት ብዙ ጊዜ ጥፋቱ መጀመሪያ ከተጻፉት ሁለት መስመሮች በሁለተኛው ላይ ነው፤ ተቀባዩ በነገሩ ምን እንደሚያደርግ ሳይታወቅ ተሰብስቧል። ሰዎች የሚመልሱት መልስ ራሱ ካርድ ይሆናል፤ «አንድ ተማሪ ዘግቶ መጻፉን ሞክሮ ሰለቸው፣ ጮክ ብሎ መናገር ግን ያዘለት» የሚል ካርድ ጥናት ባይሆንም ቀጥሎ ምን እንደሚፈለግ ይጠቁማል።

የሚሰበስብ ነገር ግን የማያካፍል ሰውም አለ፤ «ገና አልተሟላም» ይላል። ካርዶቹ 200 ደርሰው አንድም ካልተላከ አሥራ ሁለቱን አውጥቶ ለአንድ ሰው ይላክ፤ ለአንድ ሰው ብቻ። ያ ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ከተጨማሪ 50 ካርድ የበለጠ ጎደሎውን ያሳያል።

ስሕተት ሲገኝ ስሕተቱ በተላከበት በዚያው ቦታ፣ በሚቀጥለው ጥቅል የመጀመሪያ መስመር ላይ ይታረማል፤ ከታች በትንሽ ጽሑፍ አይደበቅም። እርማቱ ሦስት ነገር ይያዝ፦ ምን ተብሎ ነበር፣ ትክክሉ ምንድን ነው፣ ማን አገኘው። «ባለፈው 56 በመቶ ያልኩት ከ2 ቀን በኋላ የተለካ አድርጌ ነው፤ ትክክሉ ከሳምንት በኋላ ነው፣ የሁለት ቀኑ 68 በመቶ ነው፤ ያገኘችው ከእናንተ አንዷ ናት» ዓይነት። ከዚያ ካርዱን ያርሙት። አሮጌውን ዓረፍተ ነገር ግን አይደምስሱት፤ መስመር አስምረውበት የታረመበትን ቀን አጠገቡ ይጻፉ። ያንኑ ስሕተት ከሌላ ምንጭ መልሰው ሲያገኙት ቀድሞ እንደተጣራ ካርዱ ይነግርዎታል።